ስለ አቶ ዋልተር ሃክስቢ ዕረፍትና ስለ ሄልምሻየር የጎን በር

ከሴንትራል አቬኑ መረዳጃ እድር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ለአባላት፣ ለቤተሰብና ለወዳጆች የወጣ
ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ሚኒሶታ
ኅዳር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባላችን አቶ ዋልተር ሃክስቢ ሰኞ ኅዳር 22 ቀን ጠዋት እዚሁ ኮሎምቢያ ሃይትስ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ባየሽ አጠገባቸው ተቀምጠው ሳለ፣ በዘጠና አምስት ዓመታቸው አርፈዋል። እድራችን በእኚህ ሰው ሞት ያዘነው ደንቡ ስለሚያዝ ብቻ አይደለም። ሰው ሲሞትብን ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ የለቀስተኛውን መንገድ በረዶ የሚጠርግ ሰው ነበረን፤ አሁን የሞተብን እሱ ነው።

በተለመደው አሠራር ይህ መግለጫ የሟችን አገልግሎት አስታውሶ፣ ለቤተሰብ መጽናናትን ተመኝቶ ባበቃ ነበር። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የሄልምሻየር ካውንቲ ክሪኬት ክለብ፣ አቶ ዋልተር በወጣትነታቸው የተጫወቱበት፣ በማግስቱ የራሱን የሐዘን መግለጫ አውጥቷል፤ ከመግለጫውም ጋር ጥያቄ አቅርቧል። ጥያቄው አስከሬኑ እንዲቃጠል፣ አመዱ ተልኮለት ከሜዳው ዳር፣ በተጫዋቾች ቤት የጎን በር ሥር እንዲበተን፣ በሩም ከእንግዲህ "የሃክስቢ በር" ተብሎ እንዲጠራ ነው። ወይዘሮ ባየሽ ግን ባላቸውን እዚሁ፣ እሑድ እሑድ ሄደው ሊቀመጡ በሚችሉበት መቃብር ሊቀብሯቸው ይፈልጋሉ። አቶ ዋልተርም በሕይወት ሳሉ የጠየቁት ይህንኑ ነበር። እድሩ በዚህ ላይ ምን እንደወሰነ ከማሳወቃችን በፊት፣ ያ የጎን በር ምን ዓይነት በር እንደሆነ አባላት ሊያውቁ ይገባል።

ካውንቲ ሲባል ግብር የምንከፍልለት መሥሪያ ቤት እንዳይመስል። በእንግሊዝ አገር ካውንቲ እንደ ክፍለ ሀገር ነው፤ ብዙዎቹም የየራሳቸው የክሪኬት ቡድን አላቸው። ክሪኬት አንዱ ኳስ ሲወረውር ሌላው በእንጨት መምቻ እየመለሰ የሚካሄድ ጨዋታ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ግጥሚያ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ በመሐሉ ለምሳና ለሻይ ይታረፋል።

እ.ኤ.አ. በ1950 የጫማ ሰፊ ልጅ የሆኑት አቶ ዋልተር በሃያ ዓመታቸው ለሄልምሻየር በደመወዝ ተቀጠሩ። ሥራቸው ጨዋታ መክፈት ነበር፤ ይኸውም ኳሱ ገና አዲስ፣ ወርዋሪውም ገና ያልደከመ ሳለ ፊት ለፊት ቆሞ መመለስ ነው። የራስ ቁር በዚያ ጊዜ አይደረግም ነበር። አፍንጫቸው ወደ ግራ የዞረው ለምን እንደሆነ ስንጠይቃቸው የኖርነው አባላት መልሱ ይኸው ነው።

ክለቡ ሰዎቹን ለሁለት ከፍሏቸው ነበር። በደንቡ ደመወዝ የማይከፈላቸው "ጌቶች" ይባላሉ፤ የሚከፈላቸው "ተጫዋቾች"። ስሙን ያወጣነው እኛ አይደለንም፤ ራሳቸው እንደዚህ ብለው በአደባባይ ይጠሩበት ነበር። ጌቶቹ ምንጣፍ የተነጠፈበት የልብስ መለወጫ ክፍል ነበራቸው፤ ወደ ሜዳም የሚወጡት በመሐለኛው ትልቅ በር፣ በሰፊው ደረጃ ነበር። ተጫዋቾቹ ከሣር ማጨጃው ማስቀመጫ አጠገብ ባለች ጠባብ የጎን በር ይወጡ ነበር። ጨዋታ ሲከፈት ሁለት መቺዎች አብረው ይገባሉ። አቶ ዋልተርና ባልደረባቸው የሆነው ጌታ ከአንድ ቤት፣ በአንድ ደወል፣ ለአንድ ሥራ ተነሥተው፣ በሁለት በር ወጥተው፣ ሣሩ መሐል ይገናኙ ነበር። ሕዝቡም ያጨበጭባል። የሳቀ ሰው ስለመኖሩ የሰማነው ነገር የለም። ሦስት ቀን ሙሉ ቁጭ ብሎ ጨዋታ የሚያይ ሕዝብ ይህን ሳያይ መቅረቱ ያስገርማል።

ጌቶቹ በእርግጥ በነጻ ይጫወቱ እንደነበር የሚያምን ካለ አቶ ዋልተር አያምኑም ነበር። ገሚሶቹ "ረዳት ጸሐፊ" እየተባሉ፣ የጽሕፈት ቤቱን በር እንኳ ሳያውቁት፣ ከተጫዋች የተሻለ ደመወዝ ይወስዱ ነበር። ስለዚህ በሁለቱ ወገን መካከል የነበረው ልዩነት የክፍያ አልነበረም። ከበሩ በቀር ሌላ ልዩነት ፈልገን አላገኘንም።

እ.ኤ.አ. በ1957 የቡድኑ አለቃ ጡረታ የወጡ አንድ መኮንን ነበሩ። አለቃ የሚሾመው ከጌቶች መሐል ብቻ ነው። እኚህ ሰው ኳስ ሲመጣባቸው ዓይናቸውን የመጨፈን ልማድ እንደነበራቸው አቶ ዋልተር ያለ ምንም ቂም ይናገሩ ነበር። ሰዎቹ የት የት መቆም እንዳለባቸው የሚያመለክቱት አቶ ዋልተር ነበሩ፤ ቆባቸውን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሲያዞሩ ጓደኞቻቸው ቦታ ይቀይራሉ፤ መኮንኑ ደግሞ ከኋላ ሆነው እዚያው ሂዱ እያሉ ያዛሉ። በዚያ ዓመት በሰኔ ወር መኮንኑ ጣታቸውን የመኪና በር ቀጠቀጣቸው። ሌላ ጌታ በቅርብ ስላልተገኘ አቶ ዋልተር ቡድኑን መሩ፤ ቡድኑም እሳቸው በመሩበት ሰሞን አልተሸነፈም። በሐምሌ ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ የአንድ የኮሚቴ አባል ልጅ ለዕረፍት መጣ፤ ሲመጣም አለቃ ሆነ። ጓደኛውንም ይዞ ስለመጣ ለጓደኛው ቦታ አስፈለገ፤ የተገኘውም ቦታ የአቶ ዋልተር ነበር። አቶ ዋልተር ያን ወር በትሪ ውኃ አመላለሱ። በየትኛው በር እንደሆነ መጻፍ አያስፈልግም።

እ.ኤ.አ. በ1962 የጨዋታው ወቅት ሲያበቃ ውላቸው አልታደሰም። በዚያው ክረምት ጌታና ተጫዋች የሚባለው ክፍፍል ቀረና ሄልምሻየር መሐለኛውን በር ለሁሉም ከፈተ። አቶ ዋልተር በሩ ሲከፈት እዚሁ ሚኒሶታ ሴንት ፖል፣ እህታቸው ቤት፣ የክረምት ጫማ እየገዙ ነበር። አሥራ ሦስት የጨዋታ ወቅት ተጫውተው በዚያ በር አንድም ጊዜ አልወጡበትም።

እዚህ አገር የከተማ መናፈሻ ሣር አጭደዋል፤ ከዚያም ሮቢንስዴል በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የጥገና ሠራተኛ ሆነው እስከ ጡረታ አገልግለዋል። ከወይዘሮ ባየሽ ጋር የተዋወቁት የዳሌ ኦፕሬሽን ባደረጉ ጊዜ ነው። ወይዘሮ ባየሽ ከስደተኛ ካምፕ ከመጡ ጥቂት ዓመት ሆኗቸው በሆስፒታሉ ረዳት ነርስ ነበሩ። ያኔ አቶ ዋልተር ሰባ ዓመታቸው ነበር፤ አግብተውም አያውቁም። የወይዘሮ ባየሽ ልጅ ኢየሩሳሌም እንደምትለው፣ እናቷ በሽተኛውን አስነሥታ በኮሪደሩ ስታስሄድ እሱ በር በደረሱ ቁጥር ቆሞ "አንቺ ቅደሚ" ይል ነበር። እናቷም "ይሄ ሰውዬ ወይ ጨዋ ነው ወይ ዳሌው አልዳነም" ብላ ቤት ትናገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ተጋቡ።

እ.ኤ.አ. በ2003 የእድራችን አባል ሆኑ። አማርኛቸው ከኩሽናና ከለቅሶ ቤት የተለቀመ ነበር፤ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" እና "ወንበር አምጣ" አጥርተው ይሉ ነበር፤ ለእድር ሥራ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ብዙም አያስፈልግም። ከአባላችን ከአቶ ገመቺስ ጋር ወንበር አራግፈዋል፤ ድንኳን ወጥረዋል፤ ሙስሊም አባል ሲያርፍ ለቀስተኛ ከሚቀመጥበት ከአባላችን ከወይዘሮ ዙለይሃ ቤት ደጃፍ በረዶ ጠርገዋል።

አዳራሻችን ሁለት በር እንዳለው አባላት ያውቃሉ። መኪና የምናቆመው ከኋላ ስለሆነ ሁላችንም በኩሽናው በር እንገባለን። አቶ ዋልተር ግን ሕንጻውን ዞረው፣ በረዶ ረግጠው፣ በሴንትራል አቬኑ በኩል ባለው በር ነበር የሚገቡት። የሚያሾፍ አልጠፋም። አቶ ኩምሳ አንድ ጥር ላይ በኩሽናው በር ብቅ ብለው፣

"ጋሼ! ፓርኪንጉ እዚህ፣ በሩ እዚህ፤ እርስዎ የሚዞሩት ቪዛ ሊያስመቱ ነው?" አሏቸው።

"ግባ አንተ" አሉ አቶ ዋልተር፤ "እኔ የጓሮ በር ድርሻዬን ጨርሻለሁ።"

ብዙዎቻችን የእንግሊዝ አመል ነው ብለን አለፍነው። የሄልምሻየርን ታሪክ የነገሩት በኋላ፣ ወይዘሮ ዙለይሃ አጥብቀው ስለጠየቋቸው ነው።

ወደ ክለቡ መግለጫ እንመለስ። መግለጫው አቶ ዋልተርን "ከታማኝ አገልጋዮቻችን አንዱ" ይላቸዋል። ሌላ ስም አጥቶ አይመስለንም፤ ለእሳቸው ያለው ስም ይህ ነው። የጎን በሯ ዛሬ በቅርስነት ተጠብቃ፣ አረንጓዴ ቀለም ተቀብታ፣ ለጎብኚ እንደምትታይም ይገልጻል። ሰው የሚያሳንሱበትን በር ሠርተው፣ በሩን ሲያፍሩበት ዘግተው፣ ማፈሩ ሲያልፍላቸው ቀለም ቀብተው ለቱሪስት አሳይተዋል። አሁን ደግሞ ከሥሯ የሚበትኑት አመድ ይፈልጋሉ። ክለቡ ይህን ያሰበው በክፋት ነው አንልም። ክፉ ሰው የሚያደርገውን ያውቃል።

እኛም ዘንድ ስህተት ተፈጽሟል። የእድራችን የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ አቶ ይልማ ጥያቄው እንደደረሳቸው፣ ወይዘሮ ባየሽን ሳይጠይቁ፣ "በታላቅ ክብር ተቀብለነዋል" ብለው መለሱ። ትናንት ረቡዕ ለቅሶ ላይ ተነሥተውም ይህንኑ አበሠሩ።

"በእንግሊዝ አገር በር በአባላችን ስም ሊሰየም ነው" አሉ። "ለኮሚዩኒቲያችን ትልቅ አቺቭመንት ነው።"

"የትኛው በር?" አሉ ወይዘሮ ዙለይሃ።

"በር ነዋ። ታሪካዊ በር።"

"ይልማ፣ የትኛው በር ነው የምልህ?"

አቶ ይልማ ከስልካቸው ፎቶ አውጥተው አሳዩ። ወይዘሮ ባየሽ ስልኩን ተቀብለው ጥቂት አዩና "እቺ ናት" አሉ። ስልኩን መለሱላቸው። "እኔ በልጅነቴ አዲስ አበባ ሰው ቤት ያደግሁት በጓሮ በር እየገባሁ ነው። እዚህም መጥቼ ኒው ሆፕ ከተማ፣ ሆም ኬር ሰው የማስታምምበት ቤት፣ በጋራዥ ግቢ ይሉኝ ነበር። ዋልተር ድራይቭ አድርጎ ሲያደርሰኝ ወርዶ የፊቱን ደወል ይደውልልኝ ነበር። ሰዎቹ እስኪከፍቱ አብሮኝ ይቆማል። አሁን እኔ እሱን በጎን በር ልላከው?"

"ወይዘሮ ባየሽ፣ እኔ እኮ ለክብሩ ብዬ ነው" አሉ አቶ ይልማ።

"ለማን ክብር?" አሉ አቶ ገመቺስ ከኋላ። "ያንተ ስም ነው ኢሜይሉ ላይ ያለው።"

የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ጅሬኛ ነገሩ በወሬ እንዳይያዝ ብለው ለክለቡ ጸሐፊ ለሚስተር ፔልሃም ስልክ አስደወሉ። ስልኩ በስፒከር ተደርጎ ኢየሩሳሌም አስተረጎመች። ሚስተር ፔልሃም ሐዘናቸውን በትሕትና ገለጹ፤ የጎን በሯም ለአቶ ዋልተር ከየትኛውም ቦታ የበለጠ የምትገባቸው እንደሆነች፣ ዕድሜያቸውን የወጡባትና የገቡባት እንደሆነች ተናገሩ።

"ጠይቂው" አሉ ወይዘሮ ባየሽ። "የመሐሉን በር በማን ስም ሰየሙት?"

ኢየሩሳሌም ጠየቀች። ሚስተር ፔልሃም መሐለኛው በር ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ የቀድሞ የቡድን አለቃ ስም መሰየሙን ነገሯት። ስሙን ሲጠሩት ወይዘሮ ባየሽ ሳይተረጎምላቸው ገባቸው። ዓይናቸውን የሚጨፍኑት መኮንን ነበሩ።

አዳራሹ ውስጥ አንዲት ሴት "እንዴ!" አለች።

"እሺ" አሉ ወይዘሮ ባየሽ። "በመሐሉ በር ከሆነ ላስብበት እችላለሁ በይው። ስሙን ይፍቁና የዋልተርን ይጻፉ። ይችላሉ?"

ሚስተር ፔልሃም ሐሳቡ ክቡር እንደሆነ፣ ነገር ግን ለቅርስ ንዑስ ኮሚቴው መቅረብ እንዳለበት፣ ንዑስ ኮሚቴውም የሚሰበሰበው በፀደይ እንደሆነ አስረዱ።

"በስፕሪንግ?" አሉ አቶ ጅሬኛ። "አስከሬኑን እስከዚያ የት እናስቀምጠው፣ ንዑስ ኮሚቴው ጓዳ?"

ይህን ኢየሩሳሌም አልተረጎመችም። "እናቴ አመሰግናለሁ ትላለች" ብላ ስልኩን ዘጋች። ወይዘሮ ባየሽ ምንም አላሉም ነበር።

ከዚህ በኋላ ኮሚቴው ብዙ መወያየት አላስፈለገውም። በአቶ ይልማ ስም ለክለቡ የተላከው እሺታ ተሽሯል፤ መሻሩንም ራሳቸው አቶ ይልማ ጽፈው ልከዋል። አስከሬኑ አይቃጠልም። አቶ ዋልተር ሃክስቢ ቅዳሜ ኅዳር 27 ቀን እዚሁ ይቀበራሉ። ክለቡ ለማሳያ ሳጥኑ መምቻቸውን ጠይቆ ነበር፤ መምቻው የወይዘሮ ባየሽን የጓሮ መስኮት ደግፎ የያዘ ስለሆነ ከቦታው ሊነሣ አይችልም።

ለወይዘሮ ባየሽና ለልጃቸው ለኢየሩሳሌም፣ እንዲሁም ከአቶ ዋልተር ጋር አካፋ ለያዙ የእድራችን አባላት በሙሉ፣ እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥልን እንላለን። ለሄልምሻየር ካውንቲ ክሪኬት ክለብም ሐዘናችንን እንገልጻለን። ክለቡ አቶ ዋልተርን ያጣው እ.ኤ.አ. በ1962 በመሆኑ ማጽናናታችን እጅግ ዘግይቶ ይደርሰዋል፤ ለመዘግየቱ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ስለ ሽኝቱ ሥርዓት አባላት የሚከተለውን እንዲያውቁ እናሳስባለን። እስከ ዛሬ በዚህ አዳራሽ የሸኘናቸው ሁሉ የወጡት በኩሽናው በር ነው፤ ዳገትና ደረጃ ስለሌለው፣ የአስከሬን መኪናውም ከኋላ ስለሚቆም። ቅዳሜ መኪናው በሴንትራል አቬኑ በኩል ይቆማል። የፊት ለፊቱ ደረጃ ለሳጥን ስለማይመች አቶ ገመቺስና አቶ ኩምሳ ከጣውላ መወጣጫ ሠርተውለታል። በረዶ እንደሚጥል ተነግሯል፤ አካፋ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ የሚጠርግልን ሰው የለንም።

ሽኝቱ የሚጀመረው ከቀኑ በአምስት ሰዓት ነው። መኪናችሁን እንደ ወትሮው ከኋላ አቁማችሁ ሕንጻውን ዙሩ። ምግብ የምታመጡም ድስታችሁን ይዛችሁ በፊት ለፊት ግቡ። የኩሽናው በር ቀኑን ሙሉ ይቆለፋል። ቁልፉ ወይዘሮ ባየሽ ዘንድ ነው፤ ማንም እንዳይጠይቃቸው።

የሴንትራል አቬኑ መረዳጃ እድር
ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ